በካፒቴኑ ልክ

«እህቴ ትሆናለች። ቁርጥ እሱን ነው የምታህለው፤ እንዲያውም በትንሽ ሳትበልጠው አትቀርም።»

እቴነሽ ይህን የሰማችው ጓዳ ውስጥ ተጎንብሳ የጠላ ጋን ስትከፍት ነበር። ድምፁ የወንድሟ የይርጋ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ከሰው ጋር ያወራል። መጀመሪያ ደስ አላት። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የልጇ የየሺ እጮኛ አባት ሽማግሎቹን ይዞ መጥቶ ቃል የሚቀበልበት ቀን ነውና፣ ይርጋ በዕድሜው አንድ ቀን እንኳ ሰው ሆኖ፣ ካባ ሊዋስላት ከባለካባው ጋር ልኳን የሚያስተያይ መሰላት። «እግዜር ይስጠው፣ ለካ ልብ አለው» ብላ እጇን በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገች። ካባው ጥቁር ይሁን ሌላ ቀለም እያሰበች ሳለ በሩ ተገፋና ይርጋ ገባ። ከኋላው ለጣሊያን ያደረ አንድ አስካሪ ጠመንጃውን አንግቶ በሩ ላይ ቆመ። ካባ የያዘ ሰው አልነበረም።

«እታለም፣ ነጠላሽን ደርቢና እንሂድ» አለ ይርጋ፣ ዓይን ዓይኗን ሳያይ። «አንዴ ቁጭ ብለሽ መመለስ ነው።»

«የት ነው ቁጭ የምለው?»

«ዶቅዶቄው ላይ።»

ነገሩ ይህ ነው። ጣሊያኖች ከገበያው በታች የመኪና ማደሻ ከከፈቱ ወዲህ ይርጋ እዚያ ዕቃ አቀባይ ነው። የከተማው አዛዥ ካፒቴኑ ደግሞ መኪና በማይገባበት የእግር መንገድ ሁሉ የሚጋልበው ዶቅዶቄ አለው። ሰሞኑን ከአንበሳሜ ሲመለስ ድንጋይ ገጭቶ የፊተኛው ጎማ ሞላ ተሰበረበት። ሞላ ከጎማው በላይ፣ ጎማውን በያዙት ሁለት ብረቶች መሃል ተጠምዝዞ የቆመው፣ ሲጫኑት የሚወርድ ሲለቁት የሚነሳ ብረት ነው። አዲሱ ከጎንደር መጥቶ ተገጠመ። መግጠም ግን ብቻውን አይበቃም፤ በተቀማጩ ክብደት ልክ መጥበቅ አለበት። ከላላ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ብረት ከብረት ይማታል፤ ከጠበቀ ደግሞ ጠጠር በነካ ቁጥር የጋላቢውን ክንድ ይነቀንቃል። ስለዚህ ሰው ይቀመጥበታል፣ መካኒኩ ምን ያህል እንደወረደ ይለካል፣ ያጠብቃል ወይ ያላላል፣ ሰውየው ተነስቶ ደግሞ ይቀመጣል፣ እንደገና ይለካል። ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው። ካፒቴኑ ግማሽ ቀን ሙሉ ግሪስ መሃል ብድግ ቁጭ የሚል ሰው አይደለም። በክብደት እኔን የሚያህል ሰው ፈልጉ አለ። ይርጋም፣ ከደብረ ታቦር ሰው ሁሉ መካከል፣ የእናቱ ልጅ ትዝ አለችው።

«ታዲያ ጆንያ አትጭኑበትም?» አለች እቴነሽ። «ገበያው ሙሉ እህል አይደል እንዴ?»

«ትናንት ሞክረነው ነበር። ጆንያ መሪውን፣ ማኑብሪውን፣ አይጨብጥማ። ተንሸራቶ ወደቀና ተቀደደ፤ ስንዴው ግሪስ ላይ ፈሰሰ፤ ካፒቴኑ ተቆጣ። ሰው ቢወድቅ ይነሳል እንጂ አይፈስም።»

ይህን ሲል እየቀለደ አልነበረም። ይህን የመሰለ ነገር ሳይቀልድ የሚናገር ሰው ነው ይርጋ።

«ወንድ ጠፍቶ ነው?»

«እሱን የሚያህል ወንድ ከየት ይመጣል እታለም? የነበረውም ጫካ ገብቷል፤ የቀረውም አጥንቱ የወጣ ነው።»

እቴነሽ ቀና አለች። በዚያች ሰዓት ያገኘችውን አንስታ ብታሳርፍበት ማንም አይፈርድባትም ነበር፤ እኔም አልፈርድባትም። ግን ቀኑ አይደለም። የሺ አባት የላትም። አባት ለሌላት ልጅ በሽማግሌ ፊት ቃል የሚሰጠው የእናቷ ወንድም ነው፤ እቴነሽ ደግሞ ከይርጋ ሌላ ወንድም አልተረፈላትም። እሱ ዛሬ በርጩማ ላይ ተቀምጦ «ሰጥተናል» ካላለ፣ የጋፋቱ ገበሬ አያ ደምሴ ለልጁ ለማሩ ሌላ ቤት ይፈልጋል። የሺ ደግሞ ማሩን ትወደዋለች። አፍ አውጥታ አልተናገረችም እንጂ እናት ታውቃለች፤ ልጅቷ በገበያ ቀን ሁሉ እንስራዋን አዝላ በጋፋት መግቢያ በኩል ዞራ ውሃ የምትቀዳው የዚያ ምንጭ ውሃ ስለሚጣፍጥ አይደለም። ሠርጉ ለጥር ታስቧል። ከይርጋ ጋር ዛሬ መጣላት የየሺን ትዳር ማስቀረት ነው። ይህን ይርጋም ያውቃል። አውቆ ነው ዛሬን የመረጠው።

የሺ ጥጉ ላይ ሰፌድ ይዛ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። እናትና ልጅ ተያዩ።

«ሽማግሎቹ ሳይመጡ ትመልሰኛለህ?»

«በእናቴ አጥንት!» አለ ይርጋ። የእሷም እናት መሆኗን የረሳ ይመስል ነበር።

መጀመሪያ የወሰዷት ወደ ዶቅዶቄው አልነበረም፤ ወደ እህል መጋዘኑ ነው። ገብስና ስንዴ የሚመዘንበት ጠፍጣፋ ብረት ላይ ጫማዋን አስወልቀው አቆሟት። መጋዘኑ የአይጥና የአቧራ ሽታ አለው፤ ጆንያው እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ ይህ ሁሉ እህል የማን ጎተራ እንደነበር እቴነሽ ጆንያውን እያየች መናገር ትችላለች። ሚዛን ጠባቂው ብረቱን ወዲያ ወዲህ ገፋ አደረገና በጣሊያንኛ የሆነ ቁጥር ጠራ። መካኒኩ፣ ቀጭን፣ ፊቱ ላይ ዘይት የማይለየው ወጣት ጣሊያን፣ እጁን እያፋተገ ሳቀ። ልክ ናት ማለቱ ነው። ሚዛን ጠባቂው ከልማዱ የተነሳ ጠመኔውን አነሳና፣ የተመዘነ ጆንያ ላይ እንደሚያደርገው፣ ትከሻዋ ላይ በነጠላዋ አንድ መስመር አሰመረባት። ምናልባት ክፋት አስቦ አይደለም። ግን ይኸው ነው የሚያንገበግበው፤ ክፋት ሳያስብ ነው ያሰመረባት። እቴነሽ ጠመኔውን በእጇ ብታሸው ይባስ ተስፋፋ። ይርጋ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ዶቅዶቄውን ያቆሙት ደጅ ነው። የማደሻው ውስጥ ጨለማ ስለሆነ ሥራው ብርሃን ይፈልጋል ተባለ፤ ስለዚህ በሰፊው በር ፊት፣ ሜዳው ላይ፣ ልክ ገበያው በሚያይበት ቦታ በብረት እግሩ ቀጥ አድርገው አቁመውታል። ቀኑ ደግሞ የገበያ ቀን ነው። የጋፋት ሰው፣ የአንበሳሜ ሰው፣ ከየደብሩ የመጣ ካህን፣ አህያና በግ የሚነዳ ሁሉ በዚያ ነው የሚያልፈው። እቴነሽ ደርሳ ስታየው ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እሷ ሚስት ሆና የኖረች፣ ባሏን በወግ የቀበረች፣ በጠላ ቤቷ ሰካራም እንኳ ቃል የማይወረውርባት ሴት ናት። ወደ ጎን ልቀመጥ ብላ በእጇ አሳየች። መካኒኩ ራሱን ነቀነቀ።

«ወደ ጎን ከተቀመጥሽ ክብደቱ ያጋድላል ይላል» አለ ይርጋ። «እንደ ወንድ ነው። እግር ለእግር ከፈት አድርገሽ።»

«ይርጋ፣ ሰው እያየኝ ነው።»

«ቶሎ ከተቀመጥሽ ቶሎ ያልቃል።»

አስካሪው ጠመንጃውን ከትከሻ ወደ እጁ አወረደ። እቴነሽ መቀነቷን ፈትታ የቀሚሷን ጫፍ ጭኗ ላይ በመቀነቱ ጠምጥማ አሰረችና፣ ይርጋን ሳትደገፍ፣ እግሯን አሻግራ ወጣች። ከባሏ በቀር ወንድ አይቶት የማያውቀው ባቷ በቀትር ፀሐይ ተገለጠ። መካኒኩ እጇን ይዞ ማኑብሪው ላይ አስጨበጣት፤ እግሯን ይዞ መርገጫው ላይ አኖረው። የሰው እጅ ነው፣ ግን ዕቃ እንደሚያስተካክል ሰው ነበር የሚይዛት። ከዚያ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብሎ አንድ እንጨት በሞላው ጎን አቆመና ምልክት አደረገበት።

«ሱ!» አለ። ተነሽ ማለት ነው። መርገጫው ላይ ቆመች። ሞላው ሲጢጥ ብሎ ተነሳ።

«ጁ!» አለ። ተቀመጪ ማለት ነው። ተቀመጠች። ሞላው ወረደ። እንጨቱን አየ፣ መፍቻውን አነሳ፣ አጠበቀ፤ «ሱ!» አለ። ተነሳች። «ጁ!» ተቀመጠች። አንዳንዴ ትከሻዋን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ታች ይጫናታል፤ ጉድጓድ ሲገባ ምን እንደሚሆን ማየት ፈልጎ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ይርጋን ከኋላ አስይዞ ዶቅዶቄውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያስነቀንቀዋል። ይርጋ ይነቀንቃል። እህቱ ላዩ ላይ እንዳለች ይነቀንቃል። ሞላው መጀመሪያ ላላ፣ ቀጥሎ እንደ ድንጋይ ደረቀ፣ መካኒኩ ተሳደበ፣ አላላው፣ እንደገና ጀመረ። ማንም ውሃ አልሰጣትም። ፀሐዩ ከአናቷ አልፎ ጎን ላይ ደረሰ። ሽማግሎቹ የሚመጡበት ሰዓት እየቀረበ ነው፤ እሷ ግን ሱና ጁ ላይ ናት።

ገበያተኛው ቆመ። መጀመሪያ ጥቂት፣ ከዚያ ብዙ። እቴነሽ ይስቁብኛል ብላ ፈርታ ነበር፤ አልሳቁም። ቢስቁ ይሻላት ነበር። የሚስቅ ሰው አዋርደውሻል ማለቱ ነው፣ ይገባታል። እነዚህ ግን ዝም ብለው፣ አንዳንዱም ቆቡን እያወለቀ፣ ታቦት ሲያልፍ እንደሚያይ ሰው ቆመው ያዩዋታል። በርበሬ የምትሸጠዋ ጎረቤቷ ጌጤ ዓይኗን ሰበረች። ከሕዝቡ መሃል አንዲት አሮጊት ድንገት «እልል!» አለች። ሌሎች ሁለት ተቀበሏት። ዕልልታው እንደ ጥፊ አረፈባት። «እናንተ ሴቶች፣ ለዚህ ነው እልል የሚባለው?» ብላ በልቧ ረገመቻቸው። እንባዋን መጥረግ ፈለገች፤ እጅሽን ከማኑብሪው አታንሺ ብለዋታል። እንባው በላቧ ላይ ወረደ።

ከዚያ አያ ደምሴን አየችው። ከሽማግሎቹ አንዱ ከሆኑት ከቄስ ገብረየሱስ አጠገብ ቆሟል። የልጇ አማት ሊሆን የመጣው ሰውዬ፣ ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዛሬ ወደ ቤቷ ለመግባት የለበሰውን ልብስ ለብሶ፣ እሷን እግሯን ከፍታ የጣሊያን ብረት ላይ እንደተቀመጠች ቀጥ ብሎ ያያታል። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ሰውዬው ወገቡን ሸብረክ አድርጎ እጅ የነሳት መሰላት፤ ፌዝ ነው ብላ ፊቷን አዞረች። የየሺ ነገር እዚያው ሜዳ ላይ አበቃ፣ ለልጄ ምን ብዬ ልነግራት ነው አለች በልቧ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት ትወድ ነበር።

ካፒቴኑ ሲመጣ ቀኑ አጋድሎ ነበር። በልቶ ነው የመጣው፤ ጥርሱን ይጎረጉራል። እቴነሽን አላያትም። ሞላውን አየ፣ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካው፣ ከመካኒኩ ጋር ተነጋገረ፤ ከዚያ በያዛት ቀጭን ዱላ ጉልበቷን ነካ ነካ አደረገ። ውረጂ ማለቱ ነው። ስትወርድ እግሯ አልቆም ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠች። እሱ በእሷ ቦታ ወጣ፣ አስነሳው፣ ድንጋዩ ላይ፣ ቦዩ ላይ ሆን ብሎ አስዘለለው፣ ዞሮ ሲመለስ ፊቱ ፈክቶ ነበር። ሞላው ልክ ሆኖለታል። ለመካኒኩ ትከሻውን መታ መታ አደረገለት፤ ለይርጋ አንድ ጣሳ ሳልሳ ወረወረለት። ለእሷ ቃል አልነበረውም። ለጆንያ ማን ቃል ይናገራል?

ወደ ቤት ሲመለሱ ይርጋ ጣሳውን እያገላበጠ ከፊት ከፊት ሄደ። እቴነሽ እያነከሰች ተከተለችው። እስከ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ግርጌ፣ እስከ ቤቷ ድረስ፣ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ምን ይባላል? ብትጀምር የምታቆም አልመሰላትም፤ ከጀመረች ደግሞ ለሽማግሎቹ የሚናገር ሰው አይኖራትም። መንገድ ላይ ያገኟቸው ሰዎች ሁሉ ከወትሮው ዝቅ ብለው እጅ ነሷት። አላስተዋለችውም። ይርጋ ግን አስተዋለው፤ አንገቱ ቀስ በቀስ እየቀና ሄደ።

የሺ ቤቱን ጠርጋ፣ መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፋ፣ ጠላውን በማንቆርቆሪያ ቀድታ ጨርሳለች። እናቷን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ውሃ ብቻ አቀረበችላት። እቴነሽ ጠጣች፣ ደገመች፣ ቀሚሷን ቀየረች። ደንቡ ስለሆነ እናትና ልጅ ከመጋረጃው ጀርባ ገብተው ተቀመጡ። ይርጋ በርጩማው ላይ ጉብ አለ። «አይመጡም» አለች እቴነሽ በሹክሹክታ። የሺ የቀሚሷን ክር ትመዝ ጀመር።

መጡ። አያ ደምሴ፣ ቄስ ገብረየሱስ፣ አንድ ጆሮው የደከመ ሽማግሌም ከኋላቸው። ቄሱ ቤቱን ባርከው ተቀመጡ። ጠላ ተቀዳ። ስለ ዘንድሮው እህል፣ ስለ ውርጩ፣ ገበያ ላይ ጨው ስለመወደዱ ተወራ። የልጅቷን ነገር ግን የሚያነሳ ጠፋ፤ እቴነሽ ከመጋረጃው ጀርባ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችው።

«እንግዲህ» አለ አያ ደምሴ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ዛሬ በገበያ ያየነውን አይተናል።»

የሺ የእናቷን እጅ ፈልጋ ጨበጠች።

«እኛ ገበሬ ነን። ለልጃችን ስንጠይቅ አንዲት ደህና ሴት ያሳደገቻትን ልጅ ጠየቅን እንጂ ቤቱ እንዲህ ያለ ቤት መሆኑን አላወቅንም ነበር። አሁን ሳስበው ያመጣነው ሁሉ አነሰብኝ። በሬው አንድ ነበር ያልነው፤ ሁለት ይሁን። እሜቴ እቴነሽም ቅር እንዳይላቸው።»

እቴነሽ ጆሮዋን ማመን አቃታት። እሜቴ! እስከ ትናንት ድረስ ይህ ሰው እቴነሽ ብቻ ነበር የሚላት። ነገሩ የገባት ቀስ እያለ ነው። በዚያ አገር ጌታ አንድን ሰው ማክበር ሲፈልግ በገዛ በቅሎው ላይ ያስቀምጠውና በገበያ መሃል ያሳየዋል። ያን ጊዜ ሕዝቡ ቆቡን ያወልቃል፣ ሴቶች እልል ይላሉ፣ ጉዳይ ያለው ሁሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ሰው በኩል ለጌታው ይናገራል። የካፒቴኑ በቅሎ ዶቅዶቄው ነው። ሕዝቡ ያየው ይህን ነው። ዕልልታው የእውነት ነበር፤ አያ ደምሴ እጅ የነሳትም የእውነት ነበር። ስትዋረድ ያየ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ስትሾም ነው ያያት።

«አንዲት ነገር ብቻ» አለ አያ ደምሴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሁለቱን በቅሎዎቼን ጣሊያኖች ለጭነት ብለው ወስደውብኛል። እሜቴ ለካፒቴኑ አንዲት ቃል ቢናገሩልን።»

ይርጋ እዚህ ላይ አንድ ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር። «አያ ደምሴ፣ ተሳስተዋል፤ እህቴን ለክብደት ነው የወሰድኳት» ማለት ብቻ። ምላስ አለው፤ ሲፈልግ ጣሊያንኛም ይናገርበታል። አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። ጣሳውን ሳልሳ ከጉያው አውጥቶ በሽማግሎቹ ፊት አኖረው።

«የበቅሎው ነገር እንዳለቀ ቁጠሩት» አለ። «ይኸው፣ ይህን እንኳ ራሱ በእጁ ነው የሰጠን። እህቴ ከተናገረች ካፒቴኑ እንቢ አይልም።»

ጣሳው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ጆሮው የደከመው ሽማግሌ አሸተተው።

«ለመሆኑ ምን ቢያስብ ነው ያስቀመጣት?» አሉ ቄስ ገብረየሱስ።

«ወዷት ነዋ!» አለ ይርጋ። «አንቺ መጀመሪያ ከተቀመጥሽበት ይቀናኛል አለ።»

ወዷት። ባሏን ቀብራ በክብር የኖረች ሴት፣ በገዛ ቤቷ፣ በልጇ ሽማግሎች ፊት፣ በገዛ ወንድሟ አፍ! እቴነሽ መጋረጃውን በእጇ ገልጣ ወጣች። የሙሽራ እናት በዚህ ሰዓት አትወጣም፤ ሽማግሎቹ ደንግጠው ከመቀመጫቸው ተነሱላት። መነሳታቸው ይበልጥ አናደዳት።

«ይቀመጡ» አለች። «አያ ደምሴ፣ ዛሬ ገበያ ላይ አይተውኛል?»

«አይቻለሁ፣ እሜቴ።»

«እሜቴ አይበሉኝ። ፊቴን አይተውታል?»

«አይቻለሁ።»

«ሳለቅስ አላዩኝም?»

ሰውዬው ቄሱን አየ። ጢሙን ዳሰሰ። «ፀሐይ ነበር፤ ላብ መሰለኝ» አለ።

«ላብ አይደለም። ካፒቴኑ አያውቀኝም፤ ስሜንም አልጠየቀ። የዶቅዶቄው ሞላ በክብደቱ ልክ መጥበቅ ነበረበትና እሱን የሚያህል ጭነት ተፈለገ። ይህ ወንድሜ እህቴ ትሆናለች አለ። በእህል ሚዛን መዘኑኝ። ትከሻዬ ላይ ጠመኔ አሰመሩ። ከዚያ ተነሽ ተቀመጪ እያሉ ዋሉብኝ፤ ይሄ ከኋላ እየነቀነቀኝ። የናንተን ጋፋት ሜዳና ገደል ሳይነቀነቅ እንዲጋልብበት ነው። ይኸው ነው ሹመቴ። ከዚህ ሌላ ስለ ካፒቴኑ የማውቀው ነገር የለም።»

ይርጋ መሬት መሬት ያያል። ቄስ ገብረየሱስ «እግዚኦ» ብለው መስቀላቸውን ጨበጡ። እቴነሽ አያ ደምሴን ትመለከታለች፤ አንድ ቃል ትጠብቃለች። ምን ዓይነት ግፍ ነው ቢላት፣ አይዞሽ ቢላት፣ በዚያች ሰዓት ሁሉንም ይቅር ትለው ነበር። አያ ደምሴ ጣሳውን ትክ ብሎ አየ፤ ብዙ አሰበ።

«እንግዲያ የበቅሎዎቹ ነገር …» አለ፤ «… አይሆንም ማለት ነው?»

እቴነሽ ሳቀች። ደስ የማይል ሳቅ ነበር።

«አይሆንም። የልጄም ነገር አይሆንም። ልጄን አልሰጥም።»

«ኧረ ተይ እታለም!» ይርጋ ከበርጩማው ዘለለ። «ቃል የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ሰጥተናል!»

«እንዲያ ነው ደንቡ» አለ አያ ደምሴ ቶሎ ብሎ። የጨመረው በሬና በቅሎው ቢቀሩም ልጅቷ እንዳትቀርበት ፈልጎ። «ቃል የወንድሟ ነው። እርስዎስ ምን ይላሉ አባ?»

ቄስ ገብረየሱስ ወለሉን አዩ። «ደንቡስ እንዲያ ነው» አሉ፣ ፈራ ተባ እያሉ። ጥሩ ሰው ናቸው ይባላል። ከዚህ ያለፈ ግን አልተናገሩም።

ያን ጊዜ መጋረጃው እንደገና ተነሳ። የሺ ወጣች። በሽማግሌ የተጠየቀች ልጅ በቃሏ ቀን ፊቷን አታሳይም፤ እሷ ግን ፊቷን አልሸፈነችም። ዓይኗ ቀልቷል። ማሩን ትወደዋለች፤ ልቧ እንደሚሰበር እያወቀች ነው የወጣችው። ማንንም ሳታይ በመሃላቸው አለፈችና በሩ ጋ ተደግፈው ከቆሙት ከዘራዎች ትልቁን አነሳች። ተመልሳ መጥታ በሁለት እጇ፣ እንደ ደንቡ ጎንበስ ብላ፣ ለአያ ደምሴ አቀበለችው። የቄሱንም አመጣች። ጆሮው ለደከመው ሽማግሌም ሰጠችው፤ እሱ ነገሩ አልገባውምና «ተባረኪ ልጄ» አላት።

አያ ደምሴ ከዘራውን ይዞ ትንሽ ቆመ። ወጡ። ቄሱ በሩ ላይ ዞር ብለው ቤቱን ሊባርኩ እጃቸውን አንስተው ነበር፤ መልሰው አወረዱት።

ይርጋ ብቻ ቀረ። ጣሳውን አንስቶ ጉያው ውስጥ ከተተ፤ መልሶ አወጣው፤ መደቡ ላይ አስቀመጠው። እቴነሽ አጎዛው ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘርግታለች።

«እታለም» አለ በመጨረሻ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ። «አዲስ ሞላ ትንሽ ሲነዳ ይረግባል። መካኒኩ ሐሙስ ተመልሳ ትቀመጥ፣ እንደገና እናጠብቀዋለን ብሏል። ምን ልበለው?»

«እህት የለኝም በለው።»

ይርጋ የሳቀ ሊመስል ሞከረ፤ ቀና ሲል የሺ አጠገቡ ቆማለች። በሩ ጋ የቀረውን የእሱን ከዘራ በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ ታቀብለዋለች።